በሽማግሌዎች ፊት ጮክ ብዬ ያነበብኩት ደብዳቤ

የጌታ ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ ልናገር ብዬ የጠየቅኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ሦስት እሑድ ሙሉ ነገሩ አፌ ድረስ እየመጣ ተመልሶብኛል። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ከዚህ ቤት ብወጣ ድንጋይ የዋጥኩ ያህል ይከብደኛል። መስኮቱ እንደተዘጋ ይቆይ፤ ሙቀቱን እንችለዋለን። የከተማችን የሮቢት ሰው በዚህ ሰዓት ጥላ ፈልጎ ተጋድሟል፣ የቀበሌው ጥበቃም ተጋድሟል፤ ጌታ ይባረክ! ብቻ "አሜን" ስትሉ ቀስ ብላችሁ በሉልኝ።

ተዋበች እባላለሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ፓፓያና ሽንኩርት የምሸጠው ነኝ፤ አንዳንዶቻችሁም ደንበኞቼ ናችሁ። በሚዛን ከእኔ ጋር ተጣልታችሁ የምታውቁም አላችሁ፤ ይቅር በሉኝ።

ባለቤቴ የነበረው ሰው አሥር አለቃ ደምሴ ይባላል። "የነበረው" ያልኩበትን ምክንያት እደርስበታለሁ። ስንጋባ የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበር፤ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ሳቂታ ሰው ነው። ለፈቃድ ሲመጣ ሳቁን ሰምቶ ጎረቤቱ ሁሉ "ደምሴ ገባ" ይል ነበር። ሶማሊያ የወረረችን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ልጃችን ትዕግሥት ያን ጊዜ ገና መዳህ አልጀመረችም።

ሲመለስ ግን፣ ወንድሞቼ፣ የተመለሰልኝ ሌላ ሰው ነው። ትከሻው ላይ ጠባሳ አለ። "ጥይት ነው፤ በዚህ ገብቶ በዚህ ወጣ" አለኝ። ለቀበሌውም ይህንኑ ነገረ። በአብዮት በዓል ቀን ከፊት ወንበር ያስቀምጡት ጀመር። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ "ጀግናችን" ይለዋል። ቤት ሲገባ ግን ጀግናው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ሥራ አይዝም። አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ሊቀጥረው ወስዶት መሪውን ሲጨብጥ እጁ ስለተንቀጠቀጠ በዚያው ቀን መለሰው። ከዚያ ወዲያ አረቄ ቤት ሆነ መዋያው።

እኔ ሽንኩርት ተሸክሜ ቤቱን ያዝኩ። "ጡረታህስ?" ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅኩት። "ዘመኔ አልሞላም፤ የለኝም" አለኝ። አመንኩት። አመንኩት እንጂ አላዘንኩለትም። በየቀኑ፣ ከፀሐዩ ስገባና እሱን እዚያው ግድግዳው ጋ ሳገኘው፣ ልቤ ትንሽ በትንሽ እየጠነከረ ሄደ።

አንድ ቀን ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና ጎማው በራችን ላይ ፈነዳ። እኔ ከገበያ እየገባሁ ነበር። የልጄን ጩኸት ሰምቼ ሮጬ ብገባ፣ ደምሴ ልጅቷን አልጋ ሥር ከትቶ በላይዋ ተኝቶባታል። "ዝም በይ! ዝም በይ!" እያለ አፏን በእጁ ይዟል። ያገኘሁትን ዱላ አንሥቼ ጀርባውን መታሁት። ደጋግሜ መታሁት። እሱ ግን ዱላው የተሰማው አይመስልም፤ ልጅቷን አልለቀቀም። በኋላ ራሱ ወጣና ሁለታችንንም እያየ አለቀሰ። እኔ ስካር ነው አልኩ። በዚያው ሳምንት ፍቺ ጠየቅኩ።

እንደምታውቁት የፍቺ ነገር መጀመሪያ የሚታየው ከሁለቱም ወገን በተመረጡ ሽማግሌዎች ነው። በእኔ በኩል ጋሼ ሰይፉ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በማስተማር ያሳለፉ ሰው ናቸው። በእሱ በኩል ሐጂ እንድሪስ፤ የማሾ ነጋዴ ናቸው፣ የደምሴ አባት ወዳጅ። በጋሼ ሰይፉ ግቢ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። አንድ ሁለት ጊዜ ሊያስታርቁን ሞከሩ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ጋሼ ሰይፉ በመጨረሻ "እንግዲያው በቤታችሁ ያለውን ሁሉ ጽፋችሁ አምጡ፤ አይተን እናካፍላችኋለን" አሉ።

እኔ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። እንግዲህ ያለንን ልጽፍ ብዬ እቃውን ሳገላብጥ የደምሴን የወታደር ሳጥን ከፈትኩ። ከታች፣ ከአሮጌ ካፖርት ሥር፣ ማኅተም ያለበት ፖስታ አገኘሁ። መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጣቴን ከፊደል ፊደል እየጎተትኩ ማንበብ ጀመርኩ።

ደብዳቤው አሥር አለቃ ደምሴ ጡረታ ተወስኖለታል ይላል። ቀርቦ ደብተሩን ይውሰድ ይላል። ከሥሩ ሌላ ደብዳቤ አለ፤ እስካሁን ስላልቀረበ በድጋሚ እየጠራነው ነው ይላል። ምክንያቱም ተጽፏል። በጦር ግንባር ባደረበት ከባድ የአእምሮ መታወክ የሐኪሞች ቦርድ አሰናብቶታል። ትከሻው ላይ ያለው ጠባሳ መኪና ሲገለበጥ የደረሰ ቀላል ቁስል ነው።

እህቶቼ፣ እዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ ምን እንደተሰማኝ እውነቱን ልንገራችሁ። ኀዘን መስሏችሁ ይሆናል። ደስታ ነው የተሰማኝ! "ያዝኩህ" አልኩ። እኔ በፀሐይ ስነድ እሱ የመንግሥት እንጀራ በሳጥን ቆልፎ ተቀምጧል አልኩ። ለምን እንዳልወሰደው አላሰብኩም። ያን ደብዳቤ ይዞ ገንዘብ ቤት ቢሄድ የሚያነበው የከተማችን ሰው መሆኑን አላሰብኩም። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ይቅርም ብሎኛል፣ ስሙ ይባረክ!

በቀጠሮው ቀን ወረቀቱን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ሌላ ጎረቤትም ተሰብስቧል። "ጡረታ የለኝም ያለኝ ሰው ጡረታ አለው፤ ማስረጃው ይኸው" ብዬ ተነሣሁ።

ጋሼ ሰይፉ እጃቸውን ዘረጉ። "አምጪው ልጄ፤ እኔ ለብቻዬ ልየው።"

"የለም ጋሼ፤ እኔም ማንበብ እችላለሁ" አልኩ።

ደምሴ ፖስታውን ሲያይ አወቀው። ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ ቀስ ብሎ፣ "ተዋቡ" አለኝ። ከዘመተ ወዲህ እንደዚያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። "ግማሹን ውሰጂ። ካሻሽ ሁሉንም ውሰጂው። ብቻ አታንብቢው።"

አነበብኩት።

ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። "የአእምሮ መታወክ" የምትለዋ ላይ ስደርስ ፊደሉ አደናቀፈኝና እንደ ተማሪ ተመልሼ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። ደምሴ ቆቡን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ተነሣ፤ ማንንም ሳያይ ወደ መንገዱ ወጣ።

ፍርዱ ተፈረደ። ፍቺው ጸና፣ ቤቱና ልጅቷ ለእኔ፣ ከጡረታውም ግማሽ ለእኔ ተባለ። ሐጂ እንድሪስ ዱላቸውን ይዘው ሲነሡ አጠገቤ ቆሙ። "ልጄ፣ ያነበብሽው ውሸት ነው አልልሽም" አሉኝ። "ግን አላህ የሰተረውን ሰው ነው የገለጥሽው። ቤትና ንብረት እናካፍላለን። ይሄን መልሰን መሸፈን ግን አንችልም።" ጴንጤ አይደሉም፣ ክርስቲያንም አይደሉም፤ ነገር ግን መጀመሪያ የገሠጸኝ አፍ የእሳቸው ነው። ያን ጊዜ ተቆጣሁ። ዛሬ ባገኘኋቸው ቁጥር እጅ እነሣቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ደምሴ በከተማው አልታየም። "ጀግናችን" ያሉት አፎች በአንድ ሳምንት "እብዱ" አሉት። አንድ ቀን ትዕግሥት ከትምህርት ቤት መጣችና ደብተሯን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ አባዬ እብድ ነው እንዴ?"

"ማነው ያለሽ?"

"ልጆቹ። እናትሽ ናት ያነበበችው አሉኝ።"

ወደ ጓሮ ሄድኩ። ሥራ ያለኝ መስዬ ቆምኩ።

ብዙም ሳልቆይ ወባ ጣለኝ። ወባውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የዚያን ጊዜው ግን ልዩ ነበር። ጎረቤት ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ሐኪሙ "ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል፤ እንግዲህ እንጠብቅ" አለ አሉ። ሦስት ቀን ራሴን አላውቅም። ስነቃ አጠገቤ ተቀምጣ ያገኘኋት ሲስተር ጫልቱን ነው። ከወለጋ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ ዛሬም እዚህ መካከላችን ናት፣ አንገቷን አትድፋ፣ ጌታ ይባርካት!

ውኃ አጠጣችኝና፣ "እትዬ ተዋበች፣ በትኩሳቱ ጊዜ ደጋግመው 'አልደረሰኝም፣ አልደረሰኝም' ሲሉ ነበር። ምኑ ነው ያልደረሰዎት?" አለችኝ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ነው ሦስት እሑድ መናገር ያቃተኝ።

ደምሴ ሐኪም ቤት በነበረ ጊዜ፣ ወደ ወሎ የሚያልፍ አንድ ቁስለኛ ወታደር በክራንች ከአውቶቡስ ወርዶ ፈልጎ አገኘኝ። "ባልሽ በሕይወት አለ" አለኝ። "አንዳንዴ ሰው አይለይም፤ ያንቺን ስም ግን ይጠራል። ሐኪሙ ሚስቱ ብትመጣ ይሻለዋል ብሏል።" የሐኪም ቤቱንም ስም ነገረኝ። "እሄዳለሁ" አልኩት። ፓፓያም ሰጠሁት። አልሄድኩም። ፈራሁ። ሰው የማይለይ ባል አይቼ ምን ላደርግ ነው አልኩ፤ ልጄን ለማን ትቼ አልኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፈ። ደምሴ ሲመለስ በገባበት ቀን "መልእክት ልኬልሽ ነበር" አለኝ። "አልደረሰኝም" አልኩት። እናቴ እንኳ ይህን ሳታውቅ ሞተች።

ለሲስተር ጫልቱ ግን ነገርኳት። ጉልበት ስላጣሁ ይሁን አላውቅም፤ ሁሉንም ነገርኳት። የሽማግሌዎቹንም ነገር ነገርኳት። "እንዴት አደረጉት!" ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን እንዲህ አለች፦

"እንግዲያው የእርስዎም ደብዳቤ አለ ማለት ነው።"

"አዎ" አልኩ።

"ጌታ ኢየሱስ መጀመሪያም ያውቀዋል። እስከ ዛሬ በማን ፊት አነበበብዎት?"

"በማንም" አልኩ። እንዲህ ስል እንባዬ መጣ። ከእሷ በፊት ማንም እንደዚያ ጠይቆኝ አያውቅም። የጌታን ስም ድሮም አውቀዋለሁ፤ በሚዛን ስጣላ እምልበት ነበር። እንደሚያውቀኝ ግን፣ አውቆኝም ዝም እንዳለልኝ፣ አላውቅም ነበር።

ከጋውኗ ኪስ በጋዜጣ የተሸፈነ ትንሽ አዲስ ኪዳን አወጣች። ያኔ ያ መጽሐፍ ቢያዝባት ምን እንደሚደርስባት እናንተ ታውቃላችሁ። ገጹን ገልጣ "ያንብቡት፤ ማንበብ ይችላሉ አይደል?" አለችኝ። ማሳፈሯ አልነበረም፤ እኔ ግን አፈርኩ። ጣቴን እየጎተትኩ አነበብኩ። በእኛ ላይ የነበረውን የዕዳ ጽሕፈት ደመሰሰው፣ በመስቀል ላይም ጠርቆ ከመንገድ አስወገደው ይላል። እዚያ አልጋ ላይ፣ ድምፄን ሳላሰማ፣ "ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር። መብረቅ አልወረደም፤ ራእይም አላየሁም። ግን ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም። ክብር ለስሙ ይሁን! ሃሌ ሉያ! ቀስ፣ ቀስ በሉ፤ መንገድ ላይ ሰው አለ።

እግሬ ሲጸና "ደምሴን ልፈልገው" አልኳት። ካራቆሬ እህቱ ቤት መሆኑን ሰምቼ ነበር። አውቶቡስ ላይ ሳለሁ ሁለት ጊዜ ልውረድ አስቤ ነበር። እህቱ እትዬ ዘውዴ በር ላይ አየችኝና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ምነው፣ ያልተነበበ ወረቀት ቀረ?"

"የራሴን ነው ይዤ የመጣሁት" አልኳት። ምን እንደማወራ አልገባትም፤ ፊቴን አይታ ግን ከበሩ ዘወር አለች።

ደምሴ ከጓሮ በቆሎ እየፈለፈለ ተቀምጧል። ከስቷል። ቀና ብሎ አየኝና መፈልፈሉን ቀጠለ። ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "በሽማግሌዎቹ ፊት ያደረግኩህን ይቅር በለኝ" አልኩት። "ሌላም አለ" አልኩ። "ሐኪም ቤት ሆነህ የላክኸው መልእክት ደርሶኝ ነበር። ሆን ብዬ ነው ያልመጣሁት። አልደረሰኝም ያልኩህ ውሸቴን ነው።"

የያዘውን በቆሎ ፈልፍሎ ጨረሰ። ከዚያ "አውቃለሁ" አለ።

"ምን?"

"ያ ልጅ፣ ባለክራንቹ፣ ሲመለስ ነግሮኛል። ፓፓያ ሰጠችኝ፣ እመጣለሁ አለች ብሎኛል። በሩን እያየሁ ጠበቅኩሽ።"

ወንድሞቼ፣ ዓመታት ሙሉ ያውቅ ነበር! አብሮኝ እየበላ፣ ስጮኽበት፣ "አትረባም" ስለው፣ ያውቅ ነበር። በሽማግሌዎቹ ፊት እኔ እያነበብኩበት ያውቅ ነበር።

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርክብኝም?" አልኩት።

"ትዕግሥት ትሰማዋለች ብዬ ነዋ" አለኝ። "ልጅ እናቷን ማክበር አለባት።"

ሲስተር ጫልቱ ስለ ጌታ የነገረችኝን በጆሮዬ ሰምቼ ነበር። በዚያ ጓሮ ግን ጌታን በማያውቅ ሰው አፍ ጌታ አስተማረኝ። በቆሎው ገለባ ላይ በግንባሬ ወድቄ አለቀስኩ። እትዬ ዘውዴ መጥታ አነሣችኝ። ደምሴም ሲቆይ "በቃ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ተነሽ" አለኝ።

እንግዲህ ተመልሶ ታረቅን፣ ዳግመኛ ተጋባን ብዬ ብመሰክር ደስ ባላችሁ ነበር። አልተጋባንም። ጠይቄዋለሁ። "አልችልም ተዋቡ፤ ይቅር ማለት ሌላ፣ አብሮ መኖር ሌላ" አለኝ። እውነቱን ነው። ያነበብኩት ቃል ከከተማው ጆሮ አልወጣም፤ ጌታ ኃጢአቴን ይቅር አለ እንጂ ያደረግኩትን እንዳልተደረገ አላደረገውም። ይህን የምነግራችሁ ምላሳችሁን እንድትጠብቁ ነው።

ግን ጌታ ያደረገውን ስሙ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ተመልሼ "የጡረታውን ግማሽ አልፈልግም" አልኩ። ጋሼ ሰይፉ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፤ "ለልጅቷ ይሁን" ብለው አስተካከሉት። ከዚያ ደምሴን "ገንዘብ ቤት አብሬህ ልሂድ" አልኩት። ሄድን። ወረቀቱን የተቀበለው ጸሐፊ ማንበብ ሲጀምር ደምሴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ስለ እሱ በልቤ ጸለይኩ። ጸሐፊው ጨርሶ ቀና አለና፣ "ታላቅ ወንድሜም እንደርስዎ ነው የመጣው፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ" አለው። ደምሴ ሲወጣ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ረጅም ጊዜ አየር ሳበ። አሁን አዲስ አበባ ለሐኪም ይመላለሳል፤ መድኃኒት ይወስዳል። ድኗል አልላችሁም፤ አረቄውን ግን ትቷል። በገበያ ቀን ይመጣና ትዕግሥትን ያያታል፣ ምሳ ከእኛ ጋር ይበላል። ልጄ አባቷን መንገድ ላይ እጁን ይዛ ትሄዳለች፤ ማንም ይይ፣ ማንም ይሳቅ።

እኔም ዛሬ፣ ይኸው በዚህ ሙቀት፣ በዚህ በተዘጋ ቤት፣ ከእናንተ ጋር ተቀምጫለሁ። ጌታ ይመስገን! ዘመዶቼ "ጴንጤ ሆነች" ብለው ሸሽተውኛል፤ አንድ ቀን ይመለሳሉ። ሽንኩርቴም ይሸጣል፤ ሚዛኑም ተስተካክሏል።

ከመካከላችሁ እንደኔ አንድ ቃል ውጦ የሚኖር ካለ፣ ለማንም ያልነገረው፣ ማታም ቀንም የሚከብደው፣ ለጌታ ይንገረው። እሱ በሰው መካከል አቁሞ የሚያነብብን ጌታ አይደለም። እኔ ፈርቼው ነበር፤ ሳገኘው ግን ሲጠብቀኝ አገኘሁት። እመኑት። ዛሬ እመኑት፤ እንደኔ ወባ እስኪጥላችሁ አትጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። ባለፈው ገበያ ምሳ ስንበላ ደምሴ ድንገት "እሑድ ከሰዓት የት እንደምትሄጂ አውቃለሁ" አለኝ። ደነገጥኩ። "ለማንም አልተናገርኩም" አለኝ። ቆይቶም፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ፣ "እዚያ ስትሰበሰቡ... ለሰው ትጸልያላችሁ አሉ። በሰላም አንድ ሌሊት መተኛት እፈልጋለሁ። ይሄን ጠይቁልኝ" አለ።

ሌላ ምንም አልጠየቀም። ስሙ ደምሴ ነው። እባካችሁ፣ እንነሣና እንጸልይለት።